«ወፈርሽ» እና «ከሳህ» በሚሉ ምላሶች መካከል



ውድ የዚህ ዓምድ ተከታታዮች፣ በዚህ ወር የምናነሳው ጉዳይ በአደባባይ ብዙም አይነገርበትም። ልጆቻችን ግን ከጠዋት እስከ ማታ ያስቡታል። ጉዳዩ ገላቸው ነው፤ ውፍረታቸውና ቅጥነታቸው፣ የሚበሉት ምግብና ሆን ብለው የሚተዉት ምግብ ነው። ወላጆች «ይህ ደግሞ የቅብጠት ወሬ ነው» ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት እንለምናችኋለን። እስከ መጨረሻው ብታነቡት በቤታችሁ ያለ ነገር ሆኖ ታገኙታላችሁ።

እኔ ቆቦ ውስጥ መምህር ነኝ። በክፍል ውስጥ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ጭንቅላታቸውን ዴስክ ላይ የሚያስደግፉ ተማሪዎች አይጠፉም። ጠጋ ብዬ ስጠይቃቸው አብዛኛውን ጊዜ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ቁርስ አልበላሁም»። ይህች አንዲት መልስ ግን ሁለት የተለያዩ ታሪኮችን ትሸፍናለች። አንዷ ልጅ ያልበላችው ቤት ውስጥ የሚበላ ስላልነበረ፣ ወይም ውሃ ቀድታና ታናናሾቿን አሰናድታ ስትጨርስ ሰዓቱ ስለሄደባት ነው። ሌላዋ ግን እንጀራው ቀርቦላት እያለ «እንዳልወፍር» ብላ ትታው የመጣች ናት። ሁለቱም ፊታቸው ገርጥቷል፤ ሁለቱም ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ይብረቀረቅባቸዋል። መምህሩ በዓይኑ አይቶ ሊለያቸው አይችልም። እናት ግን ትችላለች፤ ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ከሁሉ በፊት ለእናቶች ነው።

ሁለት መስተዋቶች

ለመሆኑ የራያ ቆላ ልጅ «ወፍሬያለሁ፣ ከስቻለሁ» የሚል ጭንቀት ከየት አመጣ? ብለን ብንጠይቅ ልጁ በሁለት መስተዋቶች መካከል ቆሞ እናገኘዋለን።

አንደኛው መስተዋት የአያቶቹ ነው። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ የዚህ አካባቢ ሕዝብ ያለፈበትን መከራ በሕይወት ያሉ አዛውንቶቻችን ያስታውሱታል። ከእኛ ሜዳ በላይ ከፍ ብላ የምትገኘው ኮረም በዚያ ዓመት ዓለም ሁሉ የሰማት የረሃብተኞች መጠለያ ነበረች። በ2008 ዓ.ም. የዝናብ እጥረት መጣ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ቆቦንና አካባቢዋን ዘልቆ ገባ። ይህን ሁሉ ያየ ሰው የከሳ ልጅ ሲያይ ይደነግጣል። ስለዚህ አያት የልጅ ልጇን «እሰይ፣ ወፈርሽልኝ!» ስትላት ምርቃት መስጠቷ ነው። በእርሷ ዓይን ሥጋ ማለት ጤና፣ ጥጋብና የአሏህ ጸጋ ነው።

ሁለተኛው መስተዋት ስልክ ነው። እዚያ ላይ የሚታዩት ወገበ ቀጫጭን ልጃገረዶችና ደረተ ሰፋፊ ጎረምሶች በመብራት፣ በአቀማመጥና በምስል ማስተካከያ የተሠሩ ናቸው። ያቺ ፎቶ የወጣችው ከመቶ ተመርጣ፣ ቆዳዋ ለስልሶ፣ ወገቧ ጠቦ መሆኑን የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አያስተውለውም። ስለዚህ አያቷ «ወፈርሽልኝ» ብላ የመረቀቻትን ልጅ የክፍል ጓደኛዋ በዚያው ቃል ታስለቅሳታለች። ቃሉ አንድ ነው፤ ለአንዷ ምርቃት፣ ለሌላዋ ስድብ ሆነ። ልጅቷ ማንን ትስማ?

የዚህ ጽሑፍ መልስ «ሁለቱንም አትስሚ» የሚል ነው። አያቷ በፍቅር ተናግራለች፤ ያም ሆኖ ውፍረት ብቻውን ጤና አይደለም። ስልኩ ደግሞ አያውቃትም።

ቁጥሩ ምን ይላል?

እስቲ ከወሬ ወጥተን ወደ ተመዘነው እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆነ የኢትዮጵያ ሴቶች ውስጥ 22 ከመቶ የሚሆኑት ከሚገባው በታች ቀጭን መሆናቸውን አሳይቷል። ከመጠን በላይ የወፈሩት 8 ከመቶ ያህል ነበሩ። 24 ከመቶ የሚሆኑት ደግሞ ደም ማነስ ነበረባቸው። ከቀጭኖቹ ውስጥ በጣም የተጎዱት ከ15 እስከ 19 ዓመት ያሉት ልጃገረዶች ናቸው። ውፍረቱ በብዛት የታየው በከተሞች ነው።

ይህ ማለት እንደ እኛ ባለ ገጠር ቀመስ አካባቢ ያለች ልጃገረድ ላለመወፈር ስትል ምግብ ብትተው፣ ከብዙዎቹ እህቶቿ ችግር ላይ በገዛ ፈቃዷ ተጨማሪ ችግር ትጭናለች ማለት ነው። በከተማ ያለው ልጅ ጉዳይ ለየት ይላል፤ ወደ በኋላ እንመጣበታለን።

በአሥራዎቹ ዕድሜ ሰውነት ምን ይሠራል?

ከ10 እስከ 19 ባለው ዕድሜ ሰውነት እንደ ግንባታ ቦታ ነው። ቁመት ይረዝማል፤ ጡንቻ ይዳብራል፤ አንድ ሰው በጎልማሳነቱ ከሚኖረው የአጥንት ክምችት ግማሽ ያህሉ የሚጠራቀመው በእነዚህ ዓመታት ነው። ልጃገረዶች የወር አበባ ሲጀምሩ በየወሩ ደም ስለሚፈሳቸው ከወንዶቹ የበለጠ የብረት ማዕድን ያስፈልጋቸዋል። ከቁመት እድገት በፊት ትንሽ ወፈር ማለት፣ ዳሌና ጭን መሙላት፣ ወንዱም በአንድ ዓመት ውስጥ ዘንግ መስሎ መርዘሙ ሁሉ አሏህ ሰውነትን የፈጠረበት ሥርዓት እንጂ በሽታ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ክብደትን በቁመት ስኩዌር አካፍሎ የሚገኘው መለኪያ «ከ18.5 በታች ቀጭን፣ ከ25 በላይ ወፍራም» የሚለው ለአዋቂዎች የወጣ ነው። ለታዳጊዎች የሚሠራው በዕድሜና በጾታ የተለያየ ሠንጠረዥ ነው። ስለዚህ ልጆች በስልክ ላይ ቁጥር አስገብተው «ወፍራም ነኝ» ብለው በራሳቸው ላይ እንዳይፈርዱ፤ ጥርጣሬ ካለ በጤና ጣቢያ ይመዘኑ።

ሆን ብሎ ምግብ መተው የሚያመጣው ጉዳት በቶሎ ይታያል፦ ማዞር፣ ትኩረት ማጣት፣ የፀጉር መርገፍ፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የወር አበባ መዛባት ወይም መቋረጥ። ከጊዜ በኋላ የሚታየው ደግሞ የአጥንት መሳሳት ነው። ምግብን ደብቆ መጣል፣ ከበሉ በኋላ ጣት ከትቶ ማስታወክ፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒት መውሰድ የመሳሰሉት ከታዩ ይህ ሕክምና የሚያስፈልገው ሕመም ነው። ቁጣና ዱላ አያድነውም። ልጅቷን ወደ ሐኪም ይውሰዷት።

የሚያወፍር ኪኒን

በተቃራኒው በኩል ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። ለሠርግ፣ ለጉዞ ወይም «ከሳህ» ከሚል ወሬ ለመዳን ሲሉ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚያወፍር ኪኒን የሚውጡ ወጣቶች አሉ። በብዙ አገሮች ለዚህ ሲውሉ የሚታወቁት ዴክሳሜታዞንና ሳይፕሮሄፕታዲን የሚባሉት መድኃኒቶች ናቸው። የመጀመሪያው ለከባድ ሕመሞች በሐኪም ክትትል የሚሰጥ ብርቱ መድኃኒት ነው። ያለ አግባብ ሲወሰድ ፊትን ያሳብጣል፤ ሰው «አማረበት» የሚለው ይህንኑ እብጠት ነው። ውስጥ ውስጡን ግን የደም ግፊትንና የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል፣ አጥንትን ያሳሳል፣ የታዳጊን ቁመት ያቀጭጫል፣ ሰውነት በሽታን የሚከላከልበትን ኃይል ያዳክማል። ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በድንገት ቢያቋርጠውም ለሕይወት ያሰጋል፤ ስለዚህ የጀመረ ካለ ዝም ብሎ ሳይጥለው ሐኪም ያማክር። ሁለተኛው በመሠረቱ የአለርጂ መድኃኒት ነው። የምግብ ፍላጎት ይጨምራል፤ ነገር ግን ያፈዛል፣ ያስተኛል። ኪኒኑ ሲያልቅ የመጣው ክብደት ይሄዳል።

በገበታችን ላይ ያለው

አንዳንድ ወጣት «ጤናማ ምግብ» ሲባል በቴሌቪዥን የሚታየው፣ ስሙ የማይታወቅ፣ ዋጋው የማይቀመስ ነገር ይመስለዋል። የራያ ገበታ ግን በራሱ ብዙ ነገር አለው።

ዋናው እህላችን ማሽላ ነው። እነ ጀገርቴንና ደጋለትን የመሳሰሉ ነባር ዘሮች ያበቀለው ይህ ሜዳ ልጆቹን ያሳደገው በማሽላ እንጀራ፣ በቂጣ፣ በገንፎና በእሸት ነው። ማሽላ ኃይል ይሰጣል። የሚጎድለው ነገር ቢኖር ፕሮቲኑ ላይሲን የሚባለው ክፍል የሚያንሰው መሆኑ ነው። ይህን ጉድለት የሚሞላው ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ ነው። የማሽላ እንጀራ በምስር ወጥ የበላ ልጅ አንዱ የሌላውን ጉድለት የሚሞላበትን ምግብ በላ። በርበሬና ጨው ብቻ ነክሮ የበላው ግን ሆዱን ሞላ እንጂ ሰውነቱን አልገነባም።

ማሽላም ሆነ ጥራጥሬ ውስጥ ያለውን የብረት ማዕድን ሰውነት በቀላሉ አያገኘውም፤ በእህሉ ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች አስረው ይይዙታል። ሊጡን አብኩቶ መጋገር ይህን እስራት ያላላዋል። እናቶቻችን ሳይንሱ ሳይነገራቸው ሲሠሩት የኖሩት ይህንኑ ነው። ሁለተኛው መፍትሔ ቫይታሚን ሲ ነው። በቆቦ ጊራና ሸለቆ በመስኖ የሚለማው ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ሎሚ፣ ፓፓያ ከምግቡ ጋር ሲበላ ሰውነት ብረቱን ይበልጥ ይወስዳል። ሦስተኛው ነገር የሻይና የቡና ሰዓት ነው። ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ተከትሎ የሚጠጣ ሻይ ብረቱን ያባክነዋል። ሻዩ አንድ ሰዓት ያህል ቢዘገይ ወጪ የለበትም፤ ደሟ ያነሰ ልጅ ግን ትጠቀማለች።

ከብት ያለው ቤት ወተት፣ እርጎና አሬራ አለው፤ ለአጥንት ከዚህ የተሻለ ጥቂት ነው። ዶሮ ያለው ቤት እንቁላል አለው። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ግን እንቁላሉም ወተቱም ገበያ ወጥቶ በምትኩ ስኳርና ብስኩት መግባቱ ነው። ችግረኛ ቤት ለዘይትና ለደብተር መሸጡ ግድ ነው፤ ይህን ማንም አይወቅስም። ግን ከሳምንቱ እንቁላሎች ሁለት ሦስቱ ለልጆቹ ይቅሩ። በ2014 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ያወጣው አገር አቀፍ የአመጋገብ መመሪያም ዋና ምክሩ የተለያዩ የምግብ ዓይነቶችን በየዕለቱ መብላት ነው።

ውሃንም አንርሳ። ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። ብዙ ጊዜ ራስ ምታትና ድካም የምንለው የውሃ ጥም ነው።

ለወፈረው ልጅ

በከተማ ውስጥ፣ በተለይም ሱቅና ምግብ ቤት ባላቸው ቤተሰቦች፣ በእርግጥም ከመጠን በላይ የሚወፍሩ ልጆች አሉ። ችግሩ ያለው ብዙውን ጊዜ ከሦስቱ ገበታዎች ውጭ ነው። አንድ 300 ሚሊ ሊትር የለስላሳ ጠርሙስ ወደ 8 የሻይ ማንኪያ የሚጠጋ ስኳር አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው እንኳ የሚመክረው የተሻለ መጠን በቀን ከ6 የሻይ ማንኪያ ያልበለጠ ስኳር ነው። ጠዋትና ማታ ሦስት ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይ፣ በእረፍት ሰዓት ፓስቲና ለስላሳ፣ ከዚያ እስከ እኩለ ሌሊት ስልክ ላይ መቀመጥ ሲደማመሩ ክብደቱ ከየት መጣ አይባልም።

እንዲህ ላለው ልጅ ምግብ መከልከል መፍትሔ አይሆንም፤ እድገቱ ገና ነው። ለስላሳውን በውሃ መተካት፣ የሻዩን ስኳር በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ መቀነስ፣ በቀን ቢያንስ 60 ደቂቃ መንቀሳቀስ፣ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ይበቃል። ቁመቱ ሲጨምር ክብደቱ ባለበት ቢቆይ እንኳ ሰውነቱ ይስተካከላል። ቤተሰቡ ይህን ሁሉ አብሮት ያድርግ። እርሱን ብቻ ለይቶ «አንተ አትብላ» ማለት በወንድሞቹ ፊት ማዋረድ ነው። የተዋረደ ልጅ ደግሞ ተደብቆ ይበላል።

ጾምን ስለ ማክሳት

ሰኞና ሐሙስን የሚጾሙ ወጣቶች አሉን፤ አሏህ ይቀበላቸው። አንዳንዶቹ ግን የጾሙን ስም ይዘው ዓላማቸው መክሳት ይሆናል። በሱረቱል በቀራህ 183ኛው አንቀጽ ላይ ጾም የታዘዘው ተቅዋን ለማግኘት መሆኑ ተነግሯል። ሥራ የሚለካው በኒያ መሆኑንም ሁላችንም ከልጅነታችን ተምረናል። ጾሙን የሚጾም ሰው ሱሑሩን አይተው፤ ሱሑር በረካ እንዳለው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። ደሟ ያነሰ ልጃገረድ የሱና ጾም ከመጀመሯ በፊት ጤናዋን ታሳይ። ሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ) ወንድማቸውን አቡ ደርዳእን (ረ.ዐ) ሌሊቱን በሙሉ በሶላት፣ ቀኑን ሁሉ በጾም ሲያሳልፉ አይተው ነፍስህም በአንተ ላይ ሐቅ አላት ብለው መምከራቸውን፣ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ሰልማንን ማጽደቃቸውን ቡኻሪ ዘግበዋል። ለዒባዳ እንኳ ገላን መጉዳት ካልተፈቀደ ለሰው ዓይን ሲባል እንዴት ይፈቀዳል?

በሌላ በኩል በሱረቱል አዕራፍ 31ኛው አንቀጽ መብላትና መጠጣት ሲፈቀድ ማባከን ተከልክሏል። ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ ሆድ ለምግብ፣ ለመጠጥና ለትንፋሽ በሦስት እንዲከፈል ተመክሯል። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ መራብም መጥገብም ከልክ አይለፍ።

ስለ ምላስ

ከሁሉ የከበደው ነገር ግን ምላስ ነው። በየትምህርት ቤቱ «ሲባጎ»፣ «በርሜል»፣ «ዱባ» የሚባሉ ልጆች አሉ። የሚጠሯቸው ይስቃሉ፤ የተጠሩትም አብረው ይስቃሉ፤ ቤት ሲገቡ ግን ምግብ ይተዋሉ ወይም ኪኒን ይፈልጋሉ። በሱረቱል ሑጁራት 11ኛው አንቀጽ ላይ ወንዶች በወንዶች፣ ሴቶችም በሴቶች እንዳይሳለቁ፣ በመጥፎ ቅጽል ስም እንዳይጠራሩ ተከልክለዋል። ሴቶቹ ለብቻቸው መጠቀሳቸውን ልብ በሉ።

ዐብዱላህ ኢብን መስዑድ (ረ.ዐ) እግሮቻቸው ቀጫጭን ነበሩ። አንድ ቀን የአራክ ዛፍ ላይ ወጥተው ሳለ ነፋስ ሲያወዛውዛቸው ሰዎች በእግራቸው ቅጥነት ሳቁ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምን እንደሚያስቃቸው ጠየቁ፤ ሲነግሯቸውም እነዚያ እግሮች በሚዛን ላይ ከኡሑድ ተራራ እንደሚከብዱ ነገሯቸው። አሕመድ ዘግበውታል። በእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ታሪክም ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር በሩጫ ተሽቀዳድመው አንድ ጊዜ መቅደማቸውን፣ ከጊዜ በኋላ ሥጋ ሲጨምሩ ደግሞ መቀደማቸውን አቡ ዳውድ ዘግበዋል። ያች ሩጫ በቤታቸው የፍቅር ጨዋታ ነበረች፤ የሥጋው መጨመር መሰደቢያ አልሆነም።

ከዚህ ወር ጀምሮ

ወላጆች ሆይ! አራት ነገር ብቻ እንጠይቃችኋለን።

1. በቤታችሁ የማንም ልጅ ገላ መቀለጃ አይሁን፤ በቀልድም ቢሆን፣ እንግዳ ፊትም ቢሆን። ዘመድ መጥቶ «ይህች ልጅ ምነው እንዲህ ሆነች?» ሲል እናቲቱ «ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ» ብላ ትዝጋው።

2. ሴት ልጃችሁ በትሪው ዙሪያ ከወንድሞቿ ጋር እኩል ትቀመጥ። አባትና ወንዶች ልጆች ወጡን ጨርሰው ለእናትና ለሴቶቹ የድስቱ ጥግ የሚቀርበት ልማድ በብዙ ቤት አለ። በየወሩ ደም የሚፈሳት እርሷ ሆና እያለ ምስሩንም ሥጋውንም የምናበዛው ለእርሱ ነው።

3. ልጅ ሳይበላ ወደ ትምህርት ቤት እንዳይሄድ። የማታው እንጀራ ፍትፍትም፣ አንድ ጭብጥ የሽምብራ ቆሎም ቁርስ ነው።

4. ልጃችሁ ድካም፣ ማዞርና መገርጣት ካለባት በአቅራቢያችሁ ያለውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም ጤና ጣቢያ ጠይቁ። የደም ማነስ በቀላል ምርመራ ይታወቃል፤ ይታከማልም።

እናንተ ወጣቶች ደግሞ በመስተዋት ፊት ስትቆሙ አንድ ሌላ ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ። ይህ ገላ ስድስተኛው ክፍለ ጊዜ ድረስ ነቅቶ ይማርልኛልን? ውሃ ቀድቶ፣ ሶላት ቆሞ፣ ረመዷንን ጾሞ፣ ኳስ ተጫውቶ ይመለሳልን? ከቻለ የሚገባውን እየሠራ ነው፤ አመስግኑ፣ መግቡትም። ካልቻለ ደግሞ ለጓደኛ ሳይሆን ለእናታችሁ ንገሩ።

ቢስሚላህ ብላችሁ፣ ከፊት ለፊታችሁ ካለው ብሉ። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ድረስ አሏህ ጤናችሁን ይጠብቅልን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።